የታካሚው መዝገብ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው? «የተቀየረበት ቀን» ስላሳሳተን ጉዳይ

መዝገብ_ጠባቂ
ጥቅምት 6 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 4፡10

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የዞን ከተማ ሆስፒታል የጤና መረጃ ባለሙያ ነኝ። የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍላችን ኦፕን ኤም አር ኤስ በተባለው የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌር ላይ በተሠራ የታካሚ መረጃ ሥርዓት ይጠቀማል፤ የመረጃ ቋቱም ማይኤስኪውኤል ነው። ባለፈው ወር የክፍሉ ኃላፊ ሲሰሙት ቀላል የሚመስል ጥያቄ አቀረቡልኝ፦ ከታካሚዎቻችን መካከል መዝገባቸው ከአንድ ዓመት በላይ ሳይታይ የቆየው እነማን ናቸው?

እኔም ከታካሚው፣ ከአድራሻውና ከካርድ ቁጥሩ ሠንጠረዦች «የተቀየረበት ቀን» የሚለውን ዓምድ ወሰድኩና ለእያንዳንዱ ታካሚ ከሁሉም የቅርቡን ቀን መርጬ ዝርዝር አወጣሁ። ዝርዝሩ እጅግ አጭር ስለነበር ክፍሉ ሥራውን በሚገባ ይዟል ብዬ ደስ አለኝ። ኃላፊው ግን ልምድ ያላቸው ሰው ስለሆኑ «አልቆየም» ከተባሉት መካከል አንዱን መዝገብ በዘፈቀደ አስከፈቱኝ። መዝገቡ ሐምሌ ላይ ተቀይሯል ይላል። ታካሚዋ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ እናት ሲሆኑ የኩላሊት ምርመራ ውጤታቸው የሦስት ዓመት ዕድሜ ነበረው፤ በአለርጂ ቦታ የተጻፈው «የለም» የሚለው ቃልም ከመጀመሪያው የምዝገባ ቀን ጀምሮ ማንም አልነካውም። እናቲቱ ሲጠየቁ ግን ሰልፋ ያለበት መድኃኒት ሰውነታቸውን እንዳሳበጠው ተናገሩ።

ታዲያ ሐምሌ ላይ ምን ተቀየረ? የቀበሌ ስሞች በየክለርኩ የተለያየ አጻጻፍ ስለነበራቸው አንድ ስክሪፕት (በቀጥታ በመረጃ ቋቱ ላይ የሚሠራ አጭር ፕሮግራም) ሁሉንም በአንድ ሌሊት አስተካክሎ ነበር። ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው ለጥንቃቄ ሲል በነካው ረድፍ ሁሉ ላይ የለውጥ ቀን አኑሯል። እኔ «ታይቷል» ብዬ ለኃላፊው ያቀረብኩት ያንን ሌሊት ነው።

ሁለት ነገር መጠየቅ እፈልጋለሁ። መዝገብ «ታይቷል» ለመባል ምን መቆጠር አለበት? በመረጃ ቋቱ ውስጥስ የት ቢቀመጥ ይሻላል? ይህን ጉዳይ ያለፈበት ሰው ካለ ልምዱን ቢያካፍለን ውለታው ትልቅ ነው።

ሠንጠረዥ
ጥቅምት 6 ቀን 2017፣ ከቀኑ 8፡35

ወንድሜ፣ ስክሪፕቱ ባይኖር ኖሮም ያ ዓምድ የፈለጉትን ነገር አይነግርዎትም ነበር። ምን እንደሚመዘግብ አንድ በአንድ ብናየው ይሻላል።

በኦፕን ኤም አር ኤስ «የተቀየረበት ቀን» መዝገቡ ሲፈጠር ባዶ ነው፤ የሚሞላውም ያ ረድፍ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስተካከል ብቻ ነው። ታካሚው መጥቶ አዲስ የጉብኝት ቅጽ ሲሞላለት የሚፈጠረው በጉብኝት ሠንጠረዥ ላይ አዲስ ረድፍ ስለሆነ የታካሚው ረድፍ አይነካም። ስለዚህ በየወሩ የሚመላለስ ሰው በታካሚ ሠንጠረዥ ላይ ለዓመታት «ያልተቀየረ» ሆኖ ሊታይ ይችላል። የምርመራ ውጤትና የደም ግፊት ልኬት የሚቀመጡበት ሠንጠረዥማ ጭራሽ የለውጥ ቀን የለውም፤ አንድ ልኬት ሲታረም አሮጌው ረድፍ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ይደረግበትና አዲሱ ረድፍ የአሮጌውን መለያ ይዞ ይገባል። ይህ አሠራር የተመረጠው በምክንያት ነው፤ የቀድሞው ቁጥር ሳይጠፋ እንዲቆይ ነው።

ሌላው ነገር፣ የለውጥ ቀኑን የሚሞላው ፕሮግራሙ እንጂ ማይኤስኪውኤል አይደለም። በቀጥታ በመረጃ ቋቱ ላይ የሚሮጥ ስክሪፕት ጸሐፊው ካልፈለገ ምንም ቀን አይተውም፤ ከፈለገ ደግሞ እንደ እርስዎ ቤት ያልታየውን ሁሉ የታየ ያስመስለዋል። «ታዲያ በማይኤስኪውኤል ራሱን የሚያድስ የጊዜ ዓምድ ልጨምር» ቢሉም አይጠቅምም። ያ ዓምድ የሚታደሰው ከሌሎቹ ዓምዶች አንዱ ቀድሞ ከነበረው የተለየ ዋጋ ሲይዝ ብቻ ነው፤ ያው ዋጋ ተመልሶ ቢጻፍ ሰዓቱ ባለበት ይቆማል።

ዋናው ችግርም እዚህ ላይ ነው። አንድ ሐኪም መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አንብቦ፣ ታካሚውን ጠይቆ፣ ሁሉም ትክክል መሆኑን ቢያረጋግጥ በመረጃ ቋቱ ውስጥ የሚለወጥ ምንም ነገር የለም። ከሁሉ የተሻለው ክለሳ ዱካ የማይተው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

እኔ የምመክረው መዝገቦችን ማን መቼ እንደከፈተ የሚያሳየውን ሎግ መጠቀም ነው። መዝገቡን የከፈተ ሰው አይቶታል፤ ሌላ ቅጽና ሌላ ሥራ መጨመር አያስፈልግም።

የድሮ_ካርድ_ክፍል
ጥቅምት 6 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 1፡50

ልጄ ሠንጠረዥ፣ በመጨረሻው ነጥብ አልስማማም። እኔ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው ያረጀሁት። ፎልደር ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው ትሬሰር ካርድ እናስገባ ነበር፤ ፎልደሩ ወደ የትኛው ክፍል በየትኛው ቀን እንደሄደ ይጻፍበታል። ፎልደሩ ሲመለስ ትሬሰሩ ይወጣል። ይህ ካርድ ፎልደሩ የት እንዳለ እንጂ ማን ምን እንዳነበበ ነግሮን አያውቅም። ተመላላሽ ክፍል ሄዶ፣ ታካሚው ተራ ሳይደርሰው ቀርቶ፣ ሳይገለጥ የተመለሰ ፎልደር ስንት ነበር! ትሬሰሩን ብቻ ያየ ሰው ግን ታካሚው በዚያ ቀን ታክሟል ብሎ ይምል ነበር።

የእርስዎ ሎግ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ትሬሰር ካርድ ነው። በወረቀቱ ዘመን መታየቱን የሚመሰክረው ከጽሑፉ ግርጌ ያለው የሐኪሙ ቀንና ፊርማ ነበር። ፊርማውን የሚተካ ነገር ፈልጉ እላለሁ።

ተረኛ_ነርስ
ጥቅምት 7 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 1፡15

ጋሼ ትክክል ናቸው። እኛ ክፍል በአንድ ጠዋት አንድን መዝገብ ማን ማን እንደሚከፍተው ልዘርዝር። መጀመሪያ ካርድ ክፍል ቀጠሮውን ለማረጋገጥ ይከፍተዋል። ከዚያ እኔ ክብደትና የደም ግፊት ለማስገባት እከፍተዋለሁ። ላቦራቶሪው ውጤት ለመጫን፣ ሐኪሙ ለማከም፣ ፋርማሲው መድኃኒት ለመስጠት፣ ማታ ደግሞ መረጃ አስገቢው ለወሩ ሪፖርት ይከፍቱታል። ስሙ ከሌላ ሰው ጋር ስለተመሳሰለ በስህተት የሚከፈተውን አልቆጠርኩም። ሎጉን ብናምን እያንዳንዱ መዝገብ በቀን ስድስት ጊዜ ታይቷል፤ የእናቲቱን አለርጂ ግን ከስድስታችን አንዳችንም አልጠየቅንም። እያንዳንዳችን ሌላው ጠይቋል ብለን እናስባለን።

ሌላም ላክል። «መዝገቡ ታይቷል» የሚለው አነጋገር ራሱ በጣም ሰፊ ነው። አለርጂን ትሪያጅ (ታካሚው መጀመሪያ በሚታይበት ቦታ) ላይ ተቀምጬ መጠየቅ የምችለው እኔ ነኝ፤ ታካሚው የሚውጠውን ክኒን ከነማሸጊያው አስወጥቶ የሚያየው ፋርማሲስቱ ነው፤ የመድኃኒቱን ተገቢነት የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ስልክ ቁጥርን ለማረጋገጥ ደግሞ ከካርድ ክፍል የተሻለ ሰው የለም። ሲም ካርዱን የቀየረ ታካሚ ቀጠሮ ሲያልፈው ደውለን አናገኘውም፤ ከዚያም «ጠፍቷል» ተብሎ ይመዘገባል፤ እሱ ግን እቤቱ ነው። ሐኪሙ «አይቻለሁ» ብሎ ሲፈርም ስልኩንም አረጋግጧል ማለት ነው? አይመስለኝም። በመዝገብ ደረጃ አንድ ቀን ብቻ ካስቀመጣችሁ፣ ስልኩ ስለታደሰ መድኃኒቱም የተፈተሸ ይመስላል፤ የመዝገብ_ጠባቂ የቀበሌ ስክሪፕት ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በስክሪፕቱ ቦታ ሰው መግባቱ ብቻ ነው።

የውስጥ_ደዌ
ጥቅምት 7 ቀን 2017፣ ከቀኑ 7፡05

ሲስተር ያሉትን ከሕክምናው በኩል ላጠናክር። ለአንድ መዝገብ አንድ የክለሳ ጊዜ ማውጣት አይቻልም፤ ምክንያቱም ክፍሎቹ እኩል አያረጁም። የተጠቀሱትን እናት እንውሰድ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማሻሻያ መሠረት ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው የኩላሊቱ የማጣራት አቅም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መገምገም አለበት፤ ግምቱ (በሚሊ ሊትር በደቂቃ) ከ30 በታች ከወረደ መድኃኒቱ አይሰጥም፤ በ30 እና በ45 መካከል ከሆነ ደግሞ አዲስ መጀመር አይመከርም። ስለዚህ የዚህ ክፍል «ዕድሜ» የሚቆጠረው ከላቦራቶሪው ናሙና ቀን ነው። እኔ ትናንት የሦስት ዓመቱን ውጤት አንብቤ «አይቻለሁ» ብል ያየሁበት ቀን አዲስ ነው፤ ውጤቱ ግን ያው የሦስት ዓመት ነው። እነዚህ ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን ካልታዩ የክለሳው ቀን ሐኪሙንም ያዘናጋዋል።

አለርጂ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ታካሚው በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፤ ሰው ከእኛ ውጪ ከግል ክሊኒክም ከመድኃኒት ቤትም መድኃኒት ይወስዳልና። እዚህ ላይ «የለም» የሚለውን ቃል እጅግ ተጠንቀቁት። ተጠይቆ የለኝም ያለ ሰውና ከቶ ያልተጠየቀ ሰው በእኛ ስክሪን ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ለእኔ እንደ ሐኪም ከዚህ የከፋ የመረጃ ጉድለት የለም፤ ባዶ ቦታ ባይ እጠይቅ ነበር፣ «የለም» ሲለኝ ግን አልፌ እሄዳለሁ።

እንደ ኤች አይ ቪ ክትትል ያሉት ክፍሎች በዚህ ረገድ የተሻለ ልማድ አላቸው። የቫይረስ መጠን ምርመራ ሕክምና ከተጀመረ በ6ኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚል ግልጽ ጊዜ ስላለው «አልፎበታል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የእኛ የስኳርና የግፊት መዝገብ ግን የሐኪሙን ትዝታ ነው የሚጠብቀው።

ፋርማሲ_ሜሪላንድ
ጥቅምት 8 ቀን 2017፣ ከሌሊቱ 9፡40

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው፤ ሰዓቱ ለዚያ ነው። እዚህ በምሠራበት ሆስፒታል ስክሪኑ ላይ «ተከልሷል» የሚል የሚነካ ቁልፍ ለእያንዳንዱ የመዝገብ ክፍል አለ፦ ለአለርጂ አንድ፣ ለመድኃኒት ዝርዝር አንድ፣ ለነባር ሕመሞች አንድ። ጆይንት ኮሚሽን የተባለው የጤና ተቋማት ጥራት መዛኝ ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. የመድኃኒት ዝርዝርን ማስታረቅ (ታካሚው በእርግጥ ከሚወስደው ጋር ማመሳከር) ከብሔራዊ የታካሚ ደኅንነት ግቦቹ ውስጥ ካስገባ ወዲህ ይህ ሥራ የማይታለፍ ሆኗል። ስለዚህ ቁልፉን አትሥሩ ለማለት አይደለም የመጣሁት፤ ከሠራችሁት በኋላ የሚደርስባችሁን ለመንገር ነው።

ሥርዓቱ ቁልፉ ካልተነካ ጉብኝቱን መዝጋት የሚከለክል ከሆነ ሰዎች ቁልፉን እንደ በር መክፈቻ ይቆጥሩታል። አሥራ አምስት መድኃኒት ያለበት ዝርዝር መዝገቡ በተከፈተ በአራት ሰከንድ ውስጥ «ተከልሷል» ሲባል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዝርዝሩ ወደ ታች እንኳ አልተገለበጠም ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ደግሞ ትናንት በባልደረባው የተከለሰ ዝርዝር ነው ብሎ ይተማመናል። የሐሰት ቀን ከባዶ ቀን የሚብሰው ለዚህ ነው።

እኛን በመጠኑ የረዳን ከቁልፉ ጋር ውጤቱ አብሮ እንዲመረጥ መደረጉ ነው። «ከታካሚው ጋር ተነጋግሬ ምንም ለውጥ አላገኘሁም»፣ «አስተካክያለሁ»፣ «ማረጋገጥ አልቻልኩም» የሚሉ ሦስት ምርጫዎች አሉ። ሦስተኛው ምርጫ ከሁሉ የሚጠቅመው ነው። ታካሚው ራሱን ስቶ ቢመጣ ወይም መድኃኒቱን ባያውቀው ነርሷ ሳትዋሽ ሥራዋን መቀጠል ትችላለች፤ እኛም በማግስቱ ማንን መጠየቅ እንዳለብን እናውቃለን።

ስለ ሎጉ ደግሞ አንድ ቃል። እዚህ ሂፓ የሚባለው ሕግ የጤና መረጃ ባለበት ሥርዓት ውስጥ የተደረገውን እንቅስቃሴ የሚመዘግብና ለመመርመር የሚያስችል ዘዴ እንዲኖር ያዛል። የዚያ ሎግ ሥራ የማይመለከተው ሰው የጎረቤቱን መዝገብ እንዳይበረብር መጠበቅ ነው። በአገር ቤትም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ ሎጉ ለዚያው ዓላማ ያስፈልጋችኋል፤ ለክለሳ መለኪያ አታድርጉት እንጂ አታጥፉት።

መዝገብ_ጠባቂ
ጥቅምት 8 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 5፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት የቁልፉን ናሙና ሠርቼ ለክፍሉ ባልደረቦች ባሳይ ያልጠበቅኩት ችግር ገጠመኝ። በቁልፉ ላይ «ተገምግሟል» ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ ነርስ ስክሪኑን አየችና «የሚገመገመው ማነው፣ ታካሚው ወይስ እኛ?» አለች። ሳቅን፤ ነገሩ ግን የሳቅ አልነበረም። ግምገማ የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤት ሰው ጆሮ ምን ዓይነት ስብሰባ እንደሚያስታውስ ታውቃላችሁ። ቁልፉን የነካ ሁሉ ስሙና ሰዓቱ ወደ ኃላፊ እንደሚሄድ አድርገው ነው የተረዱት። ቃሉን ወደ «ጠይቄ አረጋግጫለሁ» ቀይሬዋለሁ፤ ለታካሚው የተደረገውን ነገር በቀጥታ ስለሚናገር የተሻለ መሰለኝ።

ሁለተኛው ችግር ከላይ የመጣ ነው። አዲሱ ዓምድ ሥራ ሲጀምር ለነባሮቹ ታካሚዎች ሁሉ የመጀመሪያ ቀን ሆኖ ሥራው የተጀመረበት ዕለት ይሞላ ተብያለሁ፤ ምክንያቱም ባዶ ከተተወ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሪፖርት ሁሉንም «ያልታየ» ያሳያል። ይህን እንዴት ባስረዳ ይሻላል?

ሠንጠረዥ
ጥቅምት 8 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 3፡20

በመጀመሪያ ስለ ሎጉ የሰጠሁትን ምክር አንስቻለሁ፤ ጋሼና ሲስተር አሳምነውኛል።

አሁን ወደ ንድፉ ልግባ። ዓምድ አይጨምሩ፤ በታካሚው ረድፍ ላይ «መጨረሻ የታየበት ቀን» የሚል አንድ ዓምድ ካስቀመጡ አዲሱ ቀን አሮጌውን እየደመሰሰ ይሄዳል፤ ከስድስት ወር በፊት ማን አይቶት ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያገኝም። ራሱን የቻለ የክለሳ ሠንጠረዥ ይክፈቱ። እያንዳንዱ ክለሳ አንድ ረድፍ ይሆናል፤ ረድፉ የታካሚውን መለያ፣ የተከለሰውን ክፍል፣ የከለሰውን ሰው፣ የተከለሰበትን ቀን፣ ፋርማሲስቷ ከጠቀሷቸው ሦስት ውጤቶች አንዱን፣ እንዲሁም ታካሚው ራሱ ወይም አስታማሚው በቦታው ነበሩ ወይ የሚለውን ይይዛል። ወደዚህ ሠንጠረዥ መጨመር እንጂ ማስተካከልም መሰረዝም እንዳይፈቀድ የተጠቃሚውን መብት በመረጃ ቋቱ ደረጃ ይገድቡት። በስህተት የተመዘገበ ክለሳ ካለ የሚሽረው ሌላ ረድፍ ይጨመር። «መጨረሻ የታየው መቼ ነው» ለሚለው ጥያቄ ከታካሚውና ከክፍሉ አንጻር ትልቁን ቀን መፈለግ በቂ ነው፤ በሁለቱ ላይ ማውጫ ከሠሩለት በብዙ ሺህ ታካሚዎች ላይም በፍጥነት ይመልሳል። አንድ ነገር እንዳይረሱ፦ «ማረጋገጥ አልቻልኩም» የሚለው ረድፍ ሙከራ ስለሆነ ትልቁን ቀን ሲፈልጉ ከስሌቱ ያውጡት።

ሐኪሙ ያነሱት የሁለት ቀን ጉዳይ በዚህ ሠንጠረዥ አይፈታም፤ መፈታትም የለበትም። የናሙናው ቀን በልኬቱ ሠንጠረዥ ላይ አለ፤ ስክሪኑ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ማሳየት ብቻ ነው የሚቀረው። ስለ አለርጂው «የለም» ደግሞ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግዎትም። ኦፕን ኤም አር ኤስ በሁለተኛው ትውልድ ዕትሞቹ በታካሚ ሠንጠረዥ ላይ የአለርጂ ሁኔታ የሚል ዓምድ አለው፤ ሲፈጠር «አይታወቅም» ይላል፣ ታካሚው ተጠይቆ ከሌለው «የታወቀ አለርጂ የለም» ይሆናል፣ ካለው ደግሞ ወደ ዝርዝሩ ይመራል። የእርስዎ ቤት ቅጽ ይህን ዓምድ ትቶ በነጻ ጽሑፍ «የለም» እያስጻፈ ከሆነ ጥፋቱ የቅጹ ነው።

ነባሮቹን መዝገቦች በተመለከተ እባክዎ እጅ አይስጡ። ሥራው የተጀመረበትን ዕለት ለሁሉም ከሞሉ ያደረጉት የሐምሌውን ስክሪፕት መድገም ነው፤ በዚያ ላይ ያኛው ሳያስበው የሠራውን እርስዎ እያወቁ ይሠሩታል። ባዶውን በሪፖርቱ ላይ «አልፎበታል» ከሚለው ለይተው «ክለሳው ተመዝግቦ አያውቅም» በሚል በራሱ መደብ ያሳዩት። ታካሚው በቀጠሮው ሲመጣ አንድ በአንድ ከዚያ መደብ ይወጣል። ለአለቆችዎ ሊያስረዱ የሚችሉትም በዚሁ ነው፤ የዚያ መደብ መቀነስ በየወሩ የሚታይ የሥራ ውጤት ነው፣ ከመነሻው ዜሮ ካስመሰሉት ግን የሚያሳዩት መሻሻል አይኖርም።

ተረኛ_ነርስ
ጥቅምት 9 ቀን 2017፣ ከሌሊቱ 8፡25

ተረኛ ሆኜ ስለምጽፍ ስለ ሰዓት ልጠይቅ። አሁን ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፏል። በእኛ አቆጣጠር ገና የትናንቱ ሌሊት ነው፤ አዳሩን የጀመርኩት ጥቅምት 8 ማታ ስለሆነ በተረኛ መዝገቤም ላይ ጥቅምት 8 ብዬ ነው የምጽፈው። ኮምፒውተሩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ቀይሮታል። ባለፈው ዓመት በነበርኩበት ክፍል ደግሞ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የአንዱ ኮምፒውተር ሰዓት ዓመታት ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። የክለሳውን ቀን የሚሰጠው ማነው?

ሠንጠረዥ
ጥቅምት 9 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 3፡45

ሲስተር፣ ያነሱት ነጥብ ብዙ ሥርዓት ያበላሸ ነው። ቀኑን መስጠት ያለበት ሰርቨሩ ነው፤ የክፍሉ ኮምፒውተር ወይም ታብሌት ፈጽሞ መስጠት የለበትም። ወደ ኋላ የሚመለሰው ሰዓት ብዙውን ጊዜ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ አልቃ ነው፤ ባትሪዋ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ጥፋቷ ግን ብዙ ነው። ኔትወርክ በሌለበት በታብሌት የሚሠራ ካለ ሁለት ጊዜ ይመዝገብ፦ ታብሌቱ «ተሠራ» ያለበትና ሰርቨሩ የተቀበለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከተለመደው በላይ ከሆነ ሰው እንዲያየው ይደረግ።

በመረጃ ቋቱ ውስጥ የሚቀመጠው ጊዜ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ይሁን። እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፤ ስለዚህ እርስዎ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያረጋገጡት ክለሳ በቋቱ ውስጥ የቀደመውን ቀን ይዞ ይቀመጣል። ይህ ስህተት አይደለም፤ ስህተት የሚሆነው ሪፖርት አዘጋጁ ሳያሻግር ቀኑን ብቻ ቆርጦ ሲወስድ ነው።

የኢትዮጵያ ቀን በማሳያው ላይ ብቻ ይሁን። ለሰው ዓይን የእኛን አቆጣጠር አሳዩ፣ ስሌቱን ግን በእሱ አትሥሩ፤ ምክንያቱን ደርሶብኝ ነው የማውቀው። ቀጣይ ክለሳን «ከአንድ ወር በኋላ» ብሎ የሚያሰላ ፕሮግራም በወሩ ቁጥር ላይ አንድ ብቻ ሲደምር ነሐሴ 15 የታየውን ሰው ለጳጉሜን 15 ይቀጥረዋል። ጳጉሜን 5 ቀን ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ 6። የስድስት ወርም ነገር እንዲሁ ነው፤ በእኛ ስድስት ወር ጳጉሜን ካልገባበት ልክ 180 ቀን ሲሆን በፈረንጆቹ ግን ከ181 እስከ 184 ይደርሳል። የጊዜ ገደቡ በቀን ቁጥር ይጻፍ፤ ለቀጠሮ መዛባትም ጥቂት ቀን ይጨመርበት፤ አለዚያ በስድስት ወር ቀጠሮ የሚመጣ ታካሚ በር ላይ ቆሞ «አልፎበታል» ይባላል።

ሁለት የታወቁ ምልክቶች ላክል። ስክሪኑ ላይ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 የሚል የክለሳ ቀን ካያችሁ ያ ቀን የኮምፒውተሩ የዜሮ ቀን ነው፤ ባዶ የነበረ ቦታ እንደ ዜሮ ተነቦ ነው። የክለሳው ቀን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሸሸ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው የእኛን 2016 በፈረንጅ ቀን ቦታ ላይ አስገብቶታል።

መዝገብ_ጠባቂ
ኅዳር 19 ቀን 2017፣ ከቀኑ 9፡30

ስድስት ሳምንት ሊሞላ ነው፤ የደረስንበትን ላሳውቃችሁ። የክለሳ ሠንጠረዡ ሥራ ጀምሯል። የጀመርነው በአራት ክፍሎች ነው፦ አለርጂ፣ የመድኃኒት ዝርዝር፣ የኩላሊት ምርመራ፣ ስልክ ቁጥር። ነባሮቹ መዝገቦች ባዶ ሆነው ቀርተዋል። አለቆቼ ፈጥነው አልተቀበሉኝም ነበር፤ የእናቲቱን መዝገብ ከፍቼ ሐምሌ ላይ «ተቀይሯል» የሚለውን ካሳየኋቸው በኋላ ግን አልተከራከሩኝም።

ያልጠበቅነው ነገር ስልክ ቁጥር ላይ ታየ። ካርድ ክፍል ይህን ብቻ ስለተሰጠው በፍጥነት ሄደ፤ «አስተካክያለሁ» የሚለው ውጤትም ከሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ በብዛት የመጣው ከዚያ ነው። በመድኃኒት ዝርዝር በኩል ግን ጠዋት ጠዋት ወረፋው ሲበዛ «ምንም ለውጥ አላገኘሁም» የሚለው በተከታታይ ሲነካ አይቻለሁ፤ ፋርማሲስቷ ያስጠነቀቁኝ ነገር መሆኑ ነው። ማንንም ሳልጠራ ለክፍሉ ኃላፊ በድምሩ ብቻ ነግሬያለሁ። ኃላፊው የመድኃኒቱ ክለሳ ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ ወደ ፋርማሲ መስኮት እንዲዛወር ወስነዋል፤ እዚያ ታካሚው ክኒኑን በእጁ ይዞ ስለሚቆም ይሻላል በሚል። ይህ ከሰኞ ይጀምራል።

የውስጥ ደዌ ሐኪማችንን አንድ ነገር ልጠይቅ። የኩላሊት ውጤቱ ዓመት ሲያልፈው ስክሪኑ ላይ ቀይ ይሆናል፤ ነገር ግን የላቦራቶሪው ሪኤጀንት (ምርመራው የሚሠራበት ኬሚካል) በሚያልቅባቸው ሳምንታት የሁሉም ሰው መዝገብ ቀይ ሆኖ ይሰነብታል፤ ሐኪሞቹም ቀዩን ማየት ትተዋል። ምን ይደረግ?

የውስጥ_ደዌ
ኅዳር 20 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 2፡40

ቀዩን ለሁሉም እኩል አታሳዩ። ያለፈው ውጤታቸው ከ60 በታች የነበሩትን፣ ከሜትፎርሚኑ ጋር ኢናላፕሪል የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ወይም ሌላ ኩላሊትን የሚነካ መድኃኒት የሚወስዱትንና ከቶ ውጤት የሌላቸውን ብቻ ቀይ አድርጉ፤ የቀሩት ቢጫ ይሁኑ። ሪኤጀንት በሌለባቸው ሳምንታት ሐኪሙ «ማረጋገጥ አልቻልኩም» የሚለውን መርጦ ምክንያቱን «ምርመራው የለም» ብሎ ይሙላ። ሪኤጀንቱ ሲመጣ ከዚያ ምክንያት ስም ዝርዝር አውጡና ቀዮቹን አስቀድማችሁ ጥሩ። ስልካቸው እንደሆነ አሁን ተስተካክሏል።